ዶናልድ በርድ ለገንዘብ አላደረም

ስለ ጃዝ የሚጽፉ ሰዎች ዶናልድ በርድን ለሁለት ከፍለው ነው የሚያስቀምጡት። የመጀመሪያው በርድ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ከአርት ብሌኪ፣ ከሶኒ ሮሊንስና ከቴሎኒየስ መንክ ጋር የተጫወተው፣ የጠራ ድምፅ ያለው ትራምፔት ተጫዋች ነው። ሁለተኛው በ1973 «ብላክ በርድ» የተባለውን አልበም ካወጣ በኋላ የመጣው ነው። አንደኛው ይከበራል፤ ሁለተኛው ይነቀፋል። ለገንዘብ አደረ፣ ጃዝን ከዳ፣ ትራምፔቱን ጥሎ ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ስሙን አከራየ ይባላል። ይህ ፍርድ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲተላለፍ ኖሯል። በአማርኛ ስለ ጃዝ ስናወራም ብዙዎቻችን ሸክላውን ሳንሰማ ፍርዱን ተቀብለነዋል።

ፍርዱ ስህተት ነው። «ሙዚቀኛም መብላት አለበት» ብዬ ልከራከርለት አልፈልግም፤ ያ ክርክር ጥፋተኝነቱን አምኖ ቅጣት እንዲቀነስለት መለመን ነው። እኔ የምለው ጥፋቱ ራሱ የለም ነው። በርድ ከ1972 እስከ 1975 የቀረጻቸው ሥራዎች ከዚያ በፊት ለሃያ ዓመት ሲሠራው ከነበረው ነገር የወጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከሕይወቱ ምርጥ ሥራዎች ጋር እኩል የሚቆሙ ናቸው።

ሰውየው ማን እንደነበር ባጭሩ እናንሳ፤ ይህ ክፍል አከራካሪ አይደለም። በርድ በ1932 ዲትሮይት ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ሰባኪና ሙዚቀኛ ነበሩ። ዶናልድሰን ቱሳን ሉቨርቱር በርድ ዳግማዊ የሚለው ሙሉ ስሙ የሄይቲን አብዮት የመራውን ሰው ስም የያዘ ነው። የተማረው የባስ ተጫዋቾቹ ፖል ቻምበርስና ሮን ካርተር በወጡበት በካስ ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ገና ሳይጨርስ ከላየነል ሃምፕተን ጋር መድረክ ላይ ወጥቷል። በአየር ኃይል የሙዚቃ ጓድ አገልግሏል፤ ከዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ ከማንሃተን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን አግኝቷል። ኒውዮርክ እንደገባ በ1955 መጨረሻ ከብሌኪ ጃዝ መሴንጀርስ ጋር ተቀላቀለ። ከሆሬስ ሲልቨር ጋር «ሲክስ ፒስስ ኦፍ ሲልቨር»ን፣ ከኮልትሬን ጋር «ለሽ ላይፍ»ን ቀረጸ፤ በ1959 መንክ በታውን ሆል ከትልቅ ጓድ ጋር ሲጫወት ትራምፔቱን የያዘው እሱ ነበር። ከ1958 ጀምሮ ከባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋቹ ከፔፐር አዳምስ ጋር የራሱን ጓድ መሠረተ፤ ብሉ ኖት በተባለው የሸክላ ኩባንያም «ፉዌጎ»ን፣ «ዘ ካት ዎክ»ን፣ «ሮያል ፍለሽ»ን የመሳሰሉ አልበሞች አከታትሎ አወጣ። እነዚህን አልበሞች የሚወድ ሁሉ ትክክል ነው። እኔም እወዳቸዋለሁ።

ክሱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ የሚነሳውም ገንዘብ ነው። «ብላክ በርድ» ብሉ ኖት እስከዚያ ካወጣቸው አልበሞች ሁሉ በላይ ተሸጠ። የተሸጠ ነገር ለመሸጥ ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት ብለው ተቺዎቹ ደመደሙ። ቀድሞ የመጣው ምን እንደነበር ግን አላዩም። በርድ በ1969 «ፋንሲ ፍሪ»ን ሲቀርጽ የኤሌክትሪክ ፒያኖ አስገብቷል። በ1970 «ኤሌክትሪክ በርድ»ን ሠራ። በ1971 ኦገስት ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለኛ አንባቢ ስሙ ብቻውን ጆሮ የሚያቆም አልበም ቀረጸ፤ «ኢትዮፒያን ናይትስ» ይባላል፤ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ባላባቶች እንደ ማለት ነው።

ይህን አልበም በደንብ መስማት ያስፈልጋል። ሦስት ሥራዎች ብቻ ናቸው ያሉበት። የመጀመሪያው «ዘ ኤምፐረር»፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። የመጨረሻው «ዘ ሊትል ራስቲ» ከ17 ደቂቃ ይበልጣል። መካከላቸው «ጄሚ» የምትባል አጭር ሥራ አለች። ስሙን አይቶ አምባሰልን ወይም ትዝታን የሚፈልግ አያገኝም፤ ቅኝቶቻችንን የሚፈልግ ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ላይ የሠራውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይስማ። በ«ዘ ኤምፐረር» የሚገኘው ሌላ ነገር ነው። ዊልተን ፌልደር በቤዝ ጊታሩ አንድ ሐረግ ይዞ ከኤድ ግሪን ድራም ጋር አይለቀውም። ጊታሮቹ ከላዩ ይከትፋሉ፤ ቦቢ ሃቸርሰን በቫይብራፎኑ፣ ሃሮልድ ላንድ በቴነር ሳክስፎኑ፣ በርድ በትራምፔቱ እየገቡ ይወጣሉ። የሚጣደፍ የለም። ምቱ እንዲለወጥ የሚጠብቅ ሰው ይደክመዋል፤ ምቱ ውስጥ የገባ ሰው ግን አሥራ አምስቱ ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ አያውቅም።

እንግዲህ ለገንዘብ ያደረ ሰው ይህን ይሠራል? አሥራ አምስትና አሥራ ሰባት ደቂቃ የሚሄድ ሥራ ለሬዲዮ ጣቢያ ምን ይጠቅማል? በነጠላ ዜማ ሸክላ ላይ እንኳ አይገባም። በርድ ወደ ፈንክ፣ ማለትም ወደዚህ በምት ላይ ረግቶ ወደሚቆይ ሙዚቃ፣ የሄደው አዋጪ መሆኑ ከመታወቁ በፊት ነው፤ ባልተሸጠ መንገድ ዓመታት ሄዶ ነው የተሸጠው ላይ የደረሰው። «‹ብላክ በርድ›ን አብረውት የሠሩት ማይዜል ወንድማማቾች መጥተው አሳሳቱት» የሚለውም በዚሁ ይፈርሳል። «ኢትዮፒያን ናይትስ» ውስጥ ማይዜሎች የሉም። ኤሌክትሪክ ቤዙም፣ የጊታሩ ክትፎም፣ በአንድ ምት ላይ ረግቶ መቆየቱም እነሱ ሳይመጡ በፊት እዚያ ነበሩ።

ብሉ ኖት ራሱ በዚያ ወቅት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር መርሳትም አይገባም። ኩባንያው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሊበርቲ ለተባለ ኩባንያ ተሽጧል፤ መሥራቹ አልፍሬድ ላየን በ1967 ጡረታ ወጥቷል፤ ባልደረባው ፍራንሲስ ዎልፍ በ1971 ሞቷል። የድሮው ቤት ፈርሷል። በርድ ከድቶ የወጣበት ቤት አልነበረም፤ ወደኋላ ተመልሶ የሚገባበት በር ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ተቺ ግን አላነበብኩም።

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው፤ በቁም ነገር መመለስም ያለበት እሱ ነው። «በ‹ፉዌጎ› ላይ ትራምፔቱ የሚናገረውን ቁጠሩ፤ በ‹ብላክ በርድ› ላይ የሚናገረውንም ቁጠሩ፤ ሰውየው አንሷል» ይላል። ቆጠራው ትክክል ነው። በ1973ቱ አልበም ሶሎዎቹ አጭር ናቸው፤ ኖታዎቹም ጥቂት ናቸው። ዘፋኞች አሉ፣ ዋሽንት አለ፣ ሲንተሳይዘር አለ፤ ትራምፔቱ ከእነዚህ መካከል አንዱ ነው። ስህተቱ ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ነው። ሙዚቀኛው ብቻውን በሚናገርበት ርዝመት ሥራውን መመዘን ለአንድ ዓይነት ጃዝ የተበጀ ሚዛን ነው፤ በርድ ደግሞ ያን ሚዛን ራሱ የተወው በ1973 ሳይሆን አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

በጃንዋሪ 1963 «ኤ ኒው ፐርስፔክቲቭ» የተባለውን አልበም ቀረጸ። የሰባኪ ልጅ ነውና ለዘመኑ የሚሆን የመዝሙር መጽሐፍ ዓይነት ነገር አስቦ ነበር የገባው። ከጃዝ ጓዱ ጎን ስምንት ድምፅ ያለው የመዘምራን ቡድን አቆመ፤ መዘምራኑን የመራው ኮልሪጅ ቴይለር ፐርኪንሰን ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የተወደደችው ዱክ ፒርሰን የደረሳት «ክሪስቶ ሬደንቶር» ናት። መዘምራኑ ቃል አይናገሩም፤ ድምፃቸው ብቻ ይንሳፈፋል። ትራምፔቱ በዚያ ላይ ይመጣል፤ አይሮጥም፤ ችሎታ አያሳይም፤ ዜማውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ይዘምራል። በርድ በፍጥነት መጫወት የሚችል ሰው መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ምን ያህል እንዳልተጫወተ ይሰማዋል፤ የሥራዋ ኃይልም እዚያ ላይ ነው። ይህችን ሥራ ዛሬ የሚነቅፍ ሰው የለም። «ትራምፔቱ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። «የደረሳት ፒርሰን ነው፤ የበርድ አይደለችም» የሚልም የለም።

አሁን በ1975 የወጣውን «ፕሌስስ ኤንድ ስፔስስ» አልበም አንሱና «ዊንድ ፓሬድ»ን ስሙ። ቹክ ሬይኒ ቤዙን፣ ሃርቪ ሜሰን ድራሙን ይዘዋል። ከላይ የክር መሣሪያዎች ተዘርግተዋል፤ ዘፋኞቹ አጭር ሐረግ ይላሉና ያቆማሉ። ዝም ባሉበት ቦታ ላይ ትራምፔቱ ይገባል። የሚለው አራት አምስት ኖታ ነው። ያረፈበትን የመጨረሻውን ድምፅ ይዞ ጥቂት ያቆየውና ዘፋኞቹ ሲመለሱ ይለቅላቸዋል። እንደገና ቦታ ሲያገኝ እንደገና ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰጥዖውን ጠብቆ እንደሚቀበል ሰው ነው፤ ዝምታውም የአገልግሎቱ ክፍል ነው። በ1963 መዘምራኑ ውስጥ የቆመው ትራምፔት ይህ ራሱ ነው። የተለወጠው ከበስተኋላው ያለው ድምፅ ነው፤ በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አሁን የከተማ ሬዲዮ ሆኗል። አንደኛውን ቅዱስ፣ ሁለተኛውን ርኩስ የሚያደርግ ጆሮ የሚዳኘው ትራምፔቱን አይደለም፤ ትራምፔቱ የቆመበትን ቦታ ነው።

ችሎታው ጠፍቶ ነው የሚል ካለ ደግሞ ማስረጃ አለ። በ1973 ጁላይ በርድ ስዊዘርላንድ በሞንትሮ መድረክ ላይ ከዚሁ የፈንክ ጓዱ ጋር፣ ላሪና ፎንስ ማይዜልም ባሉበት፣ ሙሉ ዝግጅት አቅርቧል። ቅጂው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ በ2022 ነው የወጣው። እዚያ «ብላክ በርድ» ይጫወታሉ፤ ሶሎዎቹ ረጅም ናቸው፤ ትራምፔቱም እንደ ልቡ ይናገራል። ስለዚህ በስቱዲዮ ውስጥ አጭር መናገሩ መርጦት የሠራው ነው። መድረክና ሸክላ የተለያየ ሥራ እንደሚጠይቁ ያውቅ ነበር።

ሦስተኛው ክስ «ሥራው የማይዜሎች ነው፤ እሱ እንግዳ ነው» የሚለው ነው። አብዛኞቹን ዜማዎች የደረሰው ላሪ ማይዜል መሆኑ እውነት ነው። ግን ላሪ ማን ነው? ፎንስስ? ሁለቱም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ናቸው። ላሪ ምሕንድስና ተምሮ ግሩማን በተባለው ኩባንያ ለጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩሩ ሙከራ ላይ የሠራ ሰው ነው። ፎንስ በሃዋርድ የበርድ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ ሞታውን ወደተባለው የሸክላ ኩባንያ ገብቶ የጃክሰን ፋይቭን የመጀመሪያ ዝነኛ ዘፈኖች ከሠሩት አራት ሰዎች አንዱ ሆነ። መምህሩ ተማሪውን ፈልጎ ሄዶ «ያላችሁን አምጡ» አለ። ስንት ታላቅ የጃዝ ሰው ነው በአርባ ዓመቱ፣ ስሙ ከተከበረ በኋላ፣ የተማሪውን ሐሳብ ለመሥራት የሚቀመጥ? ተቺዎቹ ይህን ድክመት አድርገው ጻፉት። እኔ ግን ከትዕቢት የጸዳ ሰው ሥራ ነው የምለው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በርድን ያለ መምህርነቱ የሚረዳ ሰው የለምና። ይህ ሰው በ1963 ፓሪስ ሄዶ ናዲያ ቡላንዤ ዘንድ ቅንብር ተምሯል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጃዝ ትምህርት ክፍሉን አቋቋመ። የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ጃዝን ከክላሲክ ሙዚቃ በታች አድርገው በሚያዩበት ዘመን ነው ይህን ያደረገው። ሕግ ተምሯል፤ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ዶክትሬቱን አግኝቷል፤ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ሙዚቀኛው በውል፣ በቅጂ መብትና በአሳታሚ ፊት እንዴት እንደሚቆምም ያስተምር ነበር። ይህ ልማዱ ከዩኒቨርሲቲው የቀደመ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኸርቢ ሃንኮክ የተባለ ወጣት ፒያኖ ተጫዋች ከቺካጎ አምጥቶ ብሮንክስ ውስጥ ቤቱን አካፈለው። ሃንኮክ በ1962 የመጀመሪያ አልበሙን ለብሉ ኖት ሊሠራ ሲል «የዜማህን የአሳታሚነት መብት እንዳትሰጥ፤ የራስህን ድርጅት አቋቁም» ብሎ የመከረው በርድ ነው። ከዚያ አልበም ውስጥ አንዷ «ወተርሜለን ማን» ነበረች። በዓመቱ ሞንጎ ሳንታማሪያ ሲጫወታት አገር ምድሩን አዳረሰች፤ መብቷም በሃንኮክ እጅ ነበር። ሃንኮክ ይህን ውለታ በሕይወት ታሪኩ ላይ በምስጋና ጽፎታል። ለገንዘብ አደረ የተባለው ሰው ገንዘቡ ለሌላው እንዲደርስ ነው የለፋው።

ከሃዋርድ ተማሪዎቹም ብላክበርድስ የተባለውን ጓድ አቋቋመ። ኬቪን ቶኒ ኪቦርድ፣ ኪዝ ኪልጎ ድራም፣ ጆ ሆል ቤዝ፣ አለን ባርንስ ሳክስፎን፣ ባርኒ ፔሪ ጊታር ይዘው ከክፍል ወደ ስቱዲዮ ገቡ። ፔሪ የደረሰው «ዎኪንግ ኢን ሪዝም» በ1975 የአሜሪካ ሠንጠረዥ ላይ 6ኛ ደረሰ። በዚያው ዓመት የቀረጹት «ሮክ ክሪክ ፓርክ» ደግሞ ስሙን የወሰደው ዋሽንግተንን አቋርጦ ከሚያልፈው መናፈሻ ነው። እዚያ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበዓል ማግሥት ቤተሰቡን ይዞ የሄደበት፣ መኪናውን ይዞ ያለፈበት ነው። ሃዋርድ ራሱ ከዩ ጎዳና አጠገብ ነው፤ ዛሬ ምግብ ቤቶቻችን የተኮለኮሉበት ሰፈር ማለት ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በ1970ዎቹ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በርድ የሠራው ሙዚቃ የዚህ ሰፈር፣ የዚህ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ነው። ከየትም ያልመጣ የገበያ ሸቀጥ አድርጎ የሚያየው ሰው ሰፈሩን አያውቀውም።

ተቺዎቹ ሁለት ሚዛን መያዛቸውም መነገር አለበት። ሃንኮክ በ1973 መገባደጃ፣ «ብላክ በርድ» ከወጣ በኋላ፣ «ሄድ ሀንተርስ»ን አወጣ። እሱም ፈንክ ነው፤ እሱም እጅግ ተሸጠ፤ እሱም ያኔ ተነቅፏል። ዛሬ ግን በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የቀረጻ መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንደ ቅርስ ይታያል። ማይልስ ዴቪስም በ«ኦን ዘ ኮርነር» የተሰደበውን ያህል ዛሬ ይመሰገንበታል። ለእነዚህ የተደረገው ይቅርታ ለበርድ ያልተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሃንኮክና የማይልስ ፈንክ የሚያስቸግር ነው፤ ረጅም ነው፤ ለመተንተን ይመቻል። የበርድ ፈንክ ለስላሳ ነው፤ ደስ ይላል፤ ሰው ወጥ እየሠራ ይሰማዋል። ደስ የሚል ነገር ቀላል ነው፣ ቀላል ነገር ደግሞ ርካሽ ነው የሚል እምነት ከጀርባ ተቀምጧል። ይህ እምነት ስለ ሙዚቃ የሚነግረን የለም። ስለ ተቺው ኩራት ግን ብዙ ይነግረናል።

ለመሆኑ ጃዝ መቼ ነው ከጭፈራ የተለየው? ኤሊንግተንና ቤዚ ለዳንስ አዳራሽ ነው የጻፉት። እነዚያን አባቶች እያመሰገኑ ልጁን ስላስጨፈረ መክሰስ ውኃ አያነሳም። በርድ የመጣባት ዲትሮይትም ቤተ ክርስቲያኑን፣ የጃዝ ክበቡንና የጭፈራ ቤቱን በአንድ መንገድ ላይ ያደረገች ከተማ ናት። ሞታውን የተመሠረተው በ1959 እዚያው ነው። በርድ የሞታውንን ልጅ ፎንስን ስቱዲዮ ሲያስገባ ወደ ባዕድ አገር አልተሰደደም።

ሌላም የምቃወመው ወገን አለ፤ ይህኛው በርድን የሚያወድስ ነው። «ትሪብ ኮልድ ክዌስት፣ ፒት ሮክ፣ ብላክ ሙን ከሸክላዎቹ ቆርጠው ሂፕሆፕ ሠርተውበታል፤ ስለዚህ ታላቅ ነው» ይላል። የጠቀሰው እውነት ነው። የበርድን «ቲንክ ትዋይስ» የዲትሮይቱ ጄ ዲላ በ2001 እንደገና ሠርቶታል፤ በርድም ራሱ በ1993 በጉሩ «ጃዝማታዝ» አልበም ላይ ተገኝቶ ትራምፔቱን ነፍቷል። ግን ይህ መከላከያ በርድን የሌላ ሰው ግብዓት ያደርገዋል። አራት ሴኮንዱ ተቆርጦ ስለተወሰደ ነው እንዴ የሚከበረው? ወጣቶቹ አዘጋጆች ያን አራት ሴኮንድ የመረጡት የቀረው አምስት ደቂቃም ስለማረካቸው ነው። «ቲንክ ትዋይስ»ን ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ስሟት። የኬይ ሄይዝ ድምፅ ሲመጣ፣ ትራምፔቱ ከጎኗ ሆኖ ሲያጅባት፣ ቤዙ ከታች ሲንከባለል፣ ሥራዋ ማንም ሳይቆርጣት በፊት ሙሉ እንደነበረች ይገባችኋል።

የሠራው ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። በ1976 የወጣው «ካሪካቸርስ» የደከመ አልበም ነው፤ ቀድሞ የነበረው አየር አልቋል፤ ዘፈኑ በዝቶ ሙዚቃው ሳስቷል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትራ ለተባለው ኩባንያ የሠራቸው አልበሞች ውስጥ ዛሬ እንደገና የምሰማቸው ጥቂት ናቸው። እነዚህ የሚነቀፉት ግን ስላልተሳኩ ነው፤ ፈንክ ስለሆኑ አይደለም። «ስትሪት ሌዲ»፣ «ስቴፒንግ ኢንቱ ቱሞሮ» እና «ፕሌስስ ኤንድ ስፔስስ» እንዲሁ ፈንክ ናቸው፤ ተሳክተዋልም። ልዩነቱን መለየት የተቺ ሥራ ነው። ሁሉንም በአንድ ጆንያ አስሮ መጣል ከመስማት መሸሽ ነው።

ከ1987 ጀምሮ «ሀርለም ብሉስ»ንና ሌሎች ሁለት አልበሞችን በድሮው መንገድ ሲቀርጽ፣ ንስሐ ገባ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ የሚል አስተያየት ተሰጠ። ንስሐ የገባ ሰው ግን ወደ ተወው ነገር አይመለስም። በርድ በዚህ በድሮው መንገድ የሠራውን የመጨረሻ አልበሙን በ1991 አውጥቶ በሁለት ዓመቱ ከሂፕሆፕ ልጆች ጋር ቆመ። ለእሱ እዚህና እዚያ የሚባል አልነበረም። ያስተምር ነበር፤ በመጨረሻም ደላዌር ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስተማረ። በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ድርጅት የጃዝ ሊቅ የሚለውን ማዕረግ ሰጠው። በፌብሩዋሪ 2013 በሰማንያ ዓመቱ ዶቨር ከተማ አረፈ። የሞቱ ዜና በተነገረ ጊዜም ያው ሁለት በርድ፣ ያው የሚለያቸው መጋረጃ ተደገመ።

በኤፍኤም ጣቢያ የጃዝ ዝግጅት የምታቀርቡ፣ በጋዜጣም ስለ ሙዚቃ የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በርድን ስታነሱ «ክሪስቶ ሬደንቶር»ን ካሰማችሁ በኋላ ሌላ ነገር ሳትናገሩ ወዲያው «ዊንድ ፓሬድ»ን አሰሙ። መግቢያ አትስጡ፤ ዓመቱንም አትጥቀሱ። አድማጩ ራሱ ይፍረድ፤ ከዚያ በኋላ ለገንዘብ አደረ የሚለውን ቃል የምትደግሙበት ምክንያት ካገኛችሁ በግልጽ ጻፉት፤ እመልስላችኋለሁ።